የሐሙስ ሰዎች

«ኳስ አብረን እንጫወት ነበር» ይላል አብሮኝ የመጣው ዘበኛ። የሟች እናት ከፊቱ ጀምረው እስከሚያነክሰው እግሩ ድረስ ቀስ ብለው ያዩታል።

ቀጥላ የተቀመጠችው ፀጉር ሠሪዋ ናት። እሷም የምትጠየቀው ያንኑ ነው፤ ልጄን ከየት ታውቁታላችሁ? «ጎረቤቱ ነበርኩ» ትላለች፤ ያውም ጎረቤቱ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ በተቀመጠበት ሳሎን ውስጥ። አንዲት ሴትዮ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሦስት ሰው ለቅሶ ሲመጣ እንዴት አንድ ውሸት ተስማምቶ አይመጣም? መንገዱን ሁሉ የተጨቃጨቅነው አበባ እንያዝ ወይስ ባዶ እጃችንን እንግባ በሚል ነበር።

ሟቹ ኤሌክትሪሺያን ነበር። እኛ «ሽቦ» እንለዋለን፤ እውነተኛ ስሙን ያወቅነው ዛሬ፣ በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። መጠጥ የተውን፣ ወይም ለመተው የምንታገል። ስም አይጠየቅም፤ ሥራውንም የሚናገረው የፈለገ ብቻ ነው። እዚያ የተሰማውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ነው ሕጋችን። ሕጉን እወደዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ለነበረ ሰፊ ማን ሱሪውን ይሰጣል?

ሽቦ ዓርብ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለ ከመሰላል ወደቀ። የእናትየው ታናሽ ወንድም ጥግ ይዞ ለጎኑ ሰው ያወራል፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። «ሲጠጣ ያደረ እጅ መሰላል አይጨብጥም። የጊዜ ጉዳይ ነበር እንጂ መጠጥ እንደሚገድለውማ እናውቅ ነበር።» ጎኑ ያለው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። የሚቃወም የለም።

እናትየው ወደ እኔ ይዞራሉ።

«አንተስ ልጄ? አንተም ኳስ ነህ?»

ኳስ ልበል ጎረቤት እያልኩ ሳስብ ይቀድሙኛል።

«አትልፉ» ይላሉ። «የመጠጥ ጓደኞቹ ናችሁ። ሐሙስን አትጠብቂኝ፣ ግሮሰሪ ነኝ ይለኝ ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ልቆጣችሁ አይደለም፣ አሁን ምን ዋጋ አለው። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ልጄ ሰክሮ ነው የሞተው?»

ዘበኛው በክርኑ ይጎስመኛል፤ ሕጉን ሊያስታውሰኝ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ እሱም ጠፍቶኝ አይደለም። ሱቄ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ነገ ይህ ሁሉ ጎረቤት የሱሪውን ቁመት የሚያሳጥርለት ሰው ሰካራም እንደነበር ያውቃል። ግን ያ ጥግ የያዘው ሰውዬ ያናድደኛል። ከእሱም በላይ፣ ሽቦ እንዲህ ተብሎ መቀበሩ ያናድደኛል።

«አልሰከረም» እላለሁ። ከፈለግኩት በላይ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ሳሎኑ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። «ሐሙስ ማታ ከእኛ ጋር ነበር፤ እውነት ነው። እኛ ግን አንጠጣም፣ እማማ። መጠጥ ያቆምን ሰዎች ነን። እየተሰበሰብን እናወራለን። እሱም ካቆመ ቆይቷል።»

«ወሬ ነው እንዴ መጠጥ የሚያስተው?» ይላል ታናሽ ወንድምየው።

«አንዳንዱን ያስተዋል» ይለዋል ዘበኛው። ኳሱን ትቶታል። «አንዳንዱን አያስተወውም። እኔ እዚያ እየሄድኩም ወድቄ አውቃለሁ። እሱ ግን ከእኛ ጋር ከተቀመጠ ወዲህ አልቀመሰም። ዓርብ ጠዋት ከሥራ በፊት ሻይ አብረን ጠጥተናል። አፉ የሚሸተው ዝንጅብል ዝንጅብል ነበር።»

እናትየው ይህን በቀላሉ አይቀበሉትም። ግንባራቸውን ቋጥረው ሦስታችንንም ይመዝኑናል።

«ታዲያ ለምን ዋሸኝ? ሰው ሳይጠጣ ጠጣሁ ብሎ ይዋሻል?»

ፀጉር ሠሪዋ መልስ ለመስጠት ሁለት ጊዜ ትጀምራለች። በሦስታችንም ፋንታ ያለቀሰችው እሷ ናት፣ ገና ስንገባ።

«ብዙ ጊዜ ምሎልዎት እንደነበር ነግሮናል። መሐላውን ሁሉ በላው። ‹አሁንም ተውኩ ብያት ደግሜ ብወድቅ እናቴን ገደልኳት ማለት ነው› ይለን ነበር። ‹እርግጠኛ እስክሆን ድረስ ሰካራም ነው ትበለኝ። ሰካራሙንስ ለምዳዋለች።›»

እናትየው አያለቅሱም። ዓይናቸው ከሳሎኑ ወደ መኝታ ቤታቸው የሚያስገባው በር ላይ ቀርቷል፤ ተራ በር ነው፣ ቀለሙ እጀታው አካባቢ የለቀቀ።

«ሐሙስ ሲገባ ያንን በር ያንኳኳል» ይላሉ። ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም። «‹እማ፣ ተኝተሻል?› ይለኛል። እኔ የሰከረ ፊቱን ላለማየት ኮቴውን ስሰማ ነው መብራቱን የማጠፋው። ትንፋሼን ውጬ ዝም እለዋለሁ። ትንሽ ቆሞ ይሄዳል።» ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው መልሰው ያጠልቁታል። «ባለፈው ሐሙስ ግን ቆየ። ሁለቴ ጠራኝ።»



«ምን ሊለኝ ነበር?» ይሉናል።

ዘበኛው እኔን ያያል፣ እኔ ፀጉር ሠሪዋን። ሽቦ ከእኛ የሚደብቀው ነገር አልነበረም። ከቤት ሰርቆ የሸጠውን፣ ቦይ ውስጥ ያደረበትን፣ አባቱን በቡጢ የመታበትን ቀን ሁሉ እዚያች ዴስክ ላይ ሆኖ ነግሮናል። በር እንደሚያንኳኳ ግን አንድም ቀን አልነገረንም።