አጉራሹ

እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ ጣውላው ግን አይመጣም። የመላጊያው ማሽን ያጓራል፣ ከፊቱ የተገጠመው፣ ጣውላ እየገፋ የሚያስገባለት አዲሱ አጉራሽ ጎማዎቹን ያሽከረክራል፣ ከአፉ የሚወጣው ግን ንፋስና ሰጋቱራ ብቻ ነው።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለችው የወርክሾፑ ባለቤት፣ ጆሮው ሥር ቀርባ።

«ጣውላውን ነዋ፣ እትዬ።»

«ማን ሊጭንልህ?»

ግራ ገባው። በራሱ ያጎርሳል ተብሎ አልነበር እንዴ?

ማሽኑን የተከለው መካኒክ ጠጋ ብሎ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ያጎርሳል እንጂ ጫካ ወርዶ አይቆርጥም፣ ወንድሜ! በዚያ ወገን ዞረህ መደርደሪያውን ሙላለት።»

በዚያ ወገን። ወንድም ጋሼ በሚቆምበት ወገን።

ጢም ሳያወጡ ጀምሮ ወንድም ጋሼ ይገፋል፣ እሱ ይቀበላል። በዚያ ጩኸት ከማዶ ማዶ መነጋገር ስለማይቻል፣ ታላቁ የመጨረሻዋን ጣውላ ሲሰድ ጫፏን በመዶሻ ቋ ቋ ያደርጋታል። ንዝረቱ መዳፉ ላይ ሲደርስ ታናሽየው «ደርሶኛል!» ብሎ ይጮኻል። ተሰምቶ አያውቅም፤ ግን ይጮኻል። ከወንድሙ ቀብር ወዲህ ወደዚያ ወገን አልተሻገረም።

«እኔ እኮ ተቀባይ ነኝ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ግን ሥራው ቆመ። አንተ እምቢ ካልክ ነገ እዚያ ቦታ ላይ ባዕድ ማቆሜ ነው።»

ባዕድ። እግሩ ሳያማክረው ተነሣ።

ሲሚንቶው ወንድሙ ሲቆምበት በኖረው ቦታ ላይ ለስልሷል። መደርደሪያውን ሞላ። አጉራሹ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ እየነከሰ ወሰደ። ቀና ሲል የማሽኑ ክዳን ማዶውን ጋርዶታል፤ ከዚህ ሆኖ የተቀባይ ፊት አይታይም፣ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ወንድም ጋሼ ሲያይ የኖረው የእሱን እጆች ብቻ ኖሯል? ማዶ ተመለከተ። እጅ የለም፤ የተላጉት ጣውላዎች ወለሉ ላይ ይወድቃሉ። የማንን እጅ እንደሚፈልግ ጠፋበት፤ የወንድሙን ነው ወይስ የራሱን?

የመጨረሻዋ ጣውላ ስትገባ መዶሻውን አንሥቶ ቋ ቋ አደረጋት። ወዲያው ደነገጠ። ማን ሊቀበላት ነው?

ዞሮ ሮጠ። መካኒኩ የሆነ ነገር የጎዳው መስሎት ማሽኑን አጠፋ። ጣውላዋ ግማሿ ወጥታ፣ ግማሿ ገና ውስጥ ሆና ቀርታለች። ከሥሯ መዳፎቹን ዘረጋ።

«ደርሶኛል!» ብሎ ጮኸ።

ማሽኑ ዝም ብሎ ስለነበር፣ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።