ባዶዎቹ ወንበሮች

ድርቤ ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነው። አምና ምእመናን ፊት ቆማ «ወገኖቼ» አለችና ቁጭ አለች፤ ንግግሩ ይኸው ነበር። ነገ እሑድ ደግሞ ተራዋ ነው። የሕፃናቱ ክፍል ጣሪያ የለውም፣ ክረምቱም ነቀምቴ ደጃፍ ደርሷል። ከየቤቱ አንድ አንድ ቆርቆሮ ካልለመነች የምታስተምራቸው ሠላሳ ስድስት ልጆች ሊበተኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ ዝማሬው ጣሪያው ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ያናውጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አዳራሹ ባዶ ነበር። ዘበኛው ኦቦ ደረሳ ማይክሮፎን ሰካላትና «ጀባዱ፣ በርቺ» ብሏት ወጣ። መታ መታ ብታደርገው የውስጡ ድምፅ ማጉያ ጭጭ። እሰይ አለች፤ እሷ የፈለገችው በእጇ የምትይዘው ነገር ብቻ ነው።

«ወገኖቼ» አለች። እንደ አምናው ቁጭ አለች።

ኋላ አንድ ሐሳብ መጣላት። ወንበሮቹን በሰው ስም ሰየመቻቸው። የፊተኛው ባለሱቋ ሸዋጌጥ፣ የጥጉ ባለወፍጮው ሞሲሳ። ጉባኤ ያስፈራ ይሆናል እንጂ ሸዋጌጥ ምኗ ያስፈራል? በስኳር ሚዛን ስንቴ ተጨቃጭቀዋል!

«እትዬ ሸዋጌጥ፣ የዶሮዎችሽ ቤት ከልጆቻችን ክፍል ይበልጣል። አንድ ቆርቆሮ ብትሰጪን እንቁላል መጣሉን አይተዉም።»

ራሷ በሳቅ ፈረሰች። ወደ ሞሲሳ ዞራ ደግሞ በሠርጉ ዕለት ዝናብ ድንኳኑን ሲጥለው ሙሽሪትን ትቶ ጠረጴዛ ሥር መግባቱን አስታወሰችው። ዝናብን አንተ ታውቀዋለህ፣ ለልጆቹ እዘንላቸው አለችው።

ማዶ ሲጮህ የዋለው ወፍጮ ቆመ። ቅዳሜ አይደል፣ በጊዜ ዘግተው ይሆናል። ባጃጅ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ፣ ሌላም ተከተለው። ከውጭ ሳቅ ሰማች። ይሄ ደረሳ በቀዳዳ እያየ ይስቅብኛል ብላ ጠረጠረችው። ይሳቅ! አንዴ አፏ ተፈቷል።

ከወንበር ወንበር ሄደች። አንዱን ቀለደችበት፣ ሌላውን ተቆጣችው። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ የኡርጂ ልጅ፣ ጆንያ ተከናንባ ፊደል ስትቆጥር ማየቷን ስትናገር እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። የውጭው ሳቅም ቆመ።

ስትጨርስ እንደ ልጅ ዘለለች። ነገ የዚህን ግማሽ ከተናገረች ይበቃታል። ደረሳን ልክ ልኩን ልትነግረው እየሳቀች በሩን ከፈተችው።

ሸዋጌጥ ቆርቆሮ በራሷ ተሸክማ ቆማለች፣ ከኋላዋ ሞሲሳ፣ ከሞሲሳ ኋላ ሰልፉ አስፋልት ደርሷል፤ «በቃሽ፣ ጨለለቂ ሰፈር ድረስ ሰምተንሻል» አለቻት ሸዋጌጥ፣ «የት ላውርደው?»