የማያዝንለት ሰው

አህመዲን ሁለት እግሮቹን ያጣው በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚያመጣው የጠጠር መንገድ ላይ ነው። የአካባቢው ሾፌሮች በየዓመቱ መስከረም ላይ በዚያ መንገድ ይሽቀዳደማሉ። የዚያን ዓመት ሲሽቀዳደሙ ዝናብ ነበር። መኪናው ሦስት ጊዜ ተገለባበጠች። ደሴ ወስደው ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበት በታች ቆረጧቸው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ጠያቂው ብዙ ነበር። ሁሉም እጁን ይዞ «አብሽር» ይለዋል፤ ወደ ተቆረጠው እግሩ ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። በሁለተኛው ወር ጠያቂው ሳሳ፤ በአራተኛው ጨርሶ ጠፋ።

ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። የሚያልፈውን መኪና ሳያይ፣ በሞተሩ ድምፅ ብቻ የማን እንደሆነ ያውቃል። የሚነግረው ሰው ግን አልነበረም።

«ትንሽ ሱቅ እንክፈትልህ?» አለችው እናቱ ሀጀራ አንድ ቀን።

«መኪናዬን አሠሩልኝ።»

ሀጀራ አለቀሰች፤ ግን አሠራችለት። በያጁ ጋሽ መሐሙድ ከነዳጅ መስጫው፣ ከፍሬኑና ከፍሪሲዮኑ ረጃጅም ብረቶች አውጥቶ ወደ መሪው አመጣቸው። እግር የሚሠራውን ሁሉ እጅ እንዲሠራው አደረገ። አህመዲን ብረቶቹን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጀበት።

በሚሊኒየሙ በዓል ሰሞን ወረኢሉ ላይ ውድድር ተዘጋጀና አህመዲን ተመዘገበ። አንደኛ ወጣ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ነው ነገሩ የገባው። ከፊቱ የነበሩት ሦስት መኪኖች ተራ በተራ ዳር እየያዙ አሳለፉት። ሲጨርስ ተሸናፊዎቹ እያለቀሱ ሳሙት። ዋንጫውን እዚያው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ።

በዚያ ውድድር ያልነበረው ምንይችል ብቻ ነው፤ ጭነት ይዞ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር። ምንይችል የአህመዲን የቆየ ተፎካካሪ ነው። አንድ ዓመት የአህመዲን ጎማ ሲፈነዳ፣ ጡሩምባውን እያንባረቀ እየሳቀ ያለፈው እሱ ነው። ሆስፒታል የመጣውም አንዴ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «መቼ ነው የምትመለሰው?» አለና ሄደ። ሀጀራ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች።

አህመዲን ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ ምንይችል ቤት ድረስ ሄደ።

«ከኔ ጋር ትወዳደራለህ?»

«እወዳደራለሁ።»

«እንዳታዝንልኝ።»

«ምን ሆንክና?» አለ ምንይችል። ትንሽ አሰበና «ግን ሁለት ወር ስጠኝ» አለው።

«ለምን?»

«መኪናዬ ሥራ አለባት።»

አህመዲን የዚያን ቀን ከብዙ ጊዜ በኋላ እየሳቀ ቤቱ ገባ።

ሳቁ አልቆየም። ጋሽ መሐሙድ ምንይችል ግቢ ሦስት ቀን ሲሠራ ከረመ። ምን እንደሠራ ሲጠየቅ «ብየዳ» ብቻ ይላል። ከዚያ ምንይችል ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ብቻውን መለማመድ ጀመረ። ወሬው ጥሩ አልነበረም። የሰው አጥር ጥሶ ገባ ተባለ። በሜዳው መንገድ ላይ እንኳ ትናንት መሪ እንደጨበጠ ሰው ሲንገዳገድ ታየ። ሀጀራ «ሰክሮ ነው» አለች።

አህመዲን ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ። እንደ ምንይችል ያለ ሾፌር አጥር አይጥስም። ሰው ሲያየው እንዲህ የሚሆነው፣ በኋላ ሲሸነፍ እንዳይገርም መንገዱን እየጠረገ ነው። መሸነፍ እየተለማመደ ነው።

ኅዳር ላይ፣ በደረቁ መንገድ፣ ሁለቱ ብቻ ተሰለፉ።

ምንይችል ሜዳው ላይ እንደ ድሮው ነዳ። ኩርባ ሲመጣ ግን ፍሬን የሚይዘው ገና ከሩቅ ነው፤ ማርሽ የሚቀይረውም ዘግይቶ። አህመዲን በመስተዋቱ እያየው ደሙ ፈላ። ጡሩምባውን ነፋበት።

«ንዳ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ብቻውን፣ በተዘጋው መኪና ውስጥ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ምንይችል ተጠግቶ ጎን ለጎን ሆኑ። ለጥቂት ሊያልፈው ነበር። ኩርባው ላይ ግን መኪናው ወደ ዳር ሸሸች፤ ጠጠሩን በትና እንደምንም ተመለሰች። አህመዲን በሁለት መኪና ርዝመት ቀድሞ ገባ።

ሕዝቡ እልል አለ። አህመዲን እጁን አላነሳም። «እሱም» አለ ለራሱ። ከዚህ በኋላ ተወዳደረኝ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልቀረውም።

ሀጀራ ወንበሩን አመጣችለት፤ ሰዎች አንስተው አስቀመጡት። ምንይችል ከመኪናው አልወረደም ነበር። አህመዲን ወደዚያው እንድትገፋው ነገራት።

የመኪናው መስታወት ዝቅ ብሏል። የምንይችል ፊት በላብ ርሷል፤ መዳፎቹ ቆስለዋል።

«ለምን አዘንክልኝ?» አለው አህመዲን።

«አላዘንኩልህም። በለጥከኝ።»

«ዋሽተሃል! ውረድና ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!»

«አልችልም።»

«እንዴት ነው የማትችለው?» አለችና ሀጀራ በንዴት በሩን በረገደችው።

መሪው ጋ እንደ አህመዲን መኪና ረጃጅም ብረቶች ተበይደዋል። የምንይችል ሁለት እግሮች ከመቀመጫው ሥር፣ ተጣምረው፣ በጠፍር ጥፍንግ ብለው ታስረው ነበር።