ደረቁ ጫማ

«በዚህ አዳራሽ ተመልካች ለሃያ ሁለት ዓመት ሲታለል ኖሯል!» አለ ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ማይክሮፎኑን አፉ ሥር ደቅኖ። «የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅል ስላልነበረ አስተርጓሚው ከራሱ የፈጠረውን ሲነግር ነበር። ዛሬ ግን ፊልሙ ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል። እውነተኛውን ገዳይ እናያለን!»

ሰው አጨበጨበ። አታላይ የተባለው ባሌ እዚያው አጠገቤ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጧል። ምላሱ ከታሰረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአንገቱ በታች የምትታዘዘው ግራ እጁ ብቻ ናት። ጆሮው ግን ከእኔ ይሻላል። አንገቱን ሲደፋ አየሁትና ደሜ ፈላ።

«ተይው፣ ልጅ ነው» አለኝ አምፖል። አምፖል የድሮው የፊልም ማሽን ኦፕሬተራችን ነው፤ ስሙን ያወጣለት መላጣው ነው። ጡረታ ወጥቶም የሚቀመጠው በሩ ጋ፣ የመብራት ማብሪያው ሥር ነው። ለዊልቸር የሚሆን ቦታ ያለውም እዚያው ስለሆነ ሦስታችንም አንድ ላይ ነን።

«ለምን ብዬ ነው የምተወው? ባሌን በቁሙ ሌባ አደረገው እኮ!»

መብራት ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ንዴቴን ለጊዜው ረሳሁት። እነዚህን ጥቁርና ነጭ ፊልሞች እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ! ፊልም አፍ በፈታ ሰሞን የተሠሩ ናቸው፤ ከንግግሩ ሥር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል። የቀረጻውን ማይክሮፎን ጠረጴዛው ላይ ያለው አበባ ውስጥ ደብቀውት ነው መሰለኝ፣ ሚስጥር ያለው ሁሉ ወደ አበባው ጎንበስ ይላል። በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር ቅንድቧን በእርሳስ የሳለች ሴት ትጮሃለች። ሰውየው ገና ሳይገባ ጥላው ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይወጣል። የዛሬ ልጆች ይስቃሉ። ይሳቁ! እኔ መቶ ጊዜ አይቼው ዛሬም እግሬን ወንበሩ ሥር ሰብስቤያለሁ።

ሀብታሟን አሮጊት መኝታ ቤቷ ውስጥ አንቀው ገደሏት። ወዲያው የቤተሰቡ ሐኪም ደረሰ። በዚያ ጉምና ጭቃ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሬ መጣሁ ብሎ፣ ኮቱን አውልቆ እሳት ዳር እግሩን ዘረጋ።

የባሌ እጅ ክንዴን ጨመቀችኝ።

ጫማው! ጭቃ አልነካው፣ እርጥበት አልነካው፣ ያብለጨልጫል። ሰውየው ከዚያ ቤት ወጥቶም አያውቅ!

ይህን ያየ ባሌ ነው። ያኔ፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እኔ በር ላይ ትኬት እቀድዳለሁ፤ እሱ ዘንጉን ይዞ ሸራው ጎን ቆሞ፣ የእነሱን ንግግር በእኛ ቋንቋ ይነግራል። የመጨረሻው፣ ስምንተኛው ጥቅል ሳይመጣ የቀረ ቀን ሰው ወንበር ሊሰብር ተነሳ። ባሌ ባዶው ሸራ ፊት ቆመና፣ «ጫማውን አይታችኋል?» ብሎ ጀመረ። ሐኪሙን አስያዘው። ሲጨርስ ዘንጉን ሁለቴ መሬት መታ፣ በዚያ ምልክት አምፖል መብራት አበራ፣ ሰውም ልቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በታየ ቁጥር እንዲሁ ነበር። ይሄ ነው እንግዲህ ማታለል የተባለው።

ስምንተኛው ጥቅል ጀመረ። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ጣቱ ዞረ፣ ዞረና የቤቱ አንካሳ አትክልተኛ ላይ ቆመ። እሱም አንገቱን ደፋ።

ብድግ አልኩ። «ውሸት ነው!»

ሥራ አስኪያጁ በእጅ ባትሪ እየተመራ መጣ። «እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ ሰው እየረበሹ ነው።»

«ንጹሕ ሰው እየታሰረ ልቀመጥ?»

«ፊልሙ ራሱ ነው እኮ የነገረን!»

«ፊልሙ ተሳስቷል!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«ምን ያስቃችኋል? ሰው አይደል የሠራው? አትክልተኛው በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ያ የመኝታ ቤቱ ደረጃ ድመት ሲወጣበት እንኳ ይጮሃል። ታዲያ አሮጊቷ ሳትነቃ በየት በኩል ወጣ? በል ንገረኝ! በረረ?» ወደ አዳራሹ ዞርኩ። «ሐኪሙስ? ጫማውን አይታችኋል?»

ሳቁ ቆመ። ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደረቅ ነበር!»

«ደረቅ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም፣ «ደረቅ! ደረቅ!»

እንግዲህ ከተነሳሁ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰማሁትን፣ ባሌ በሚያቆምበት እያቆምኩ፣ ድምፁን ዝቅ በሚያደርግበት ዝቅ እያልኩ ተናገርኩት። ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ መጋረጃው ጀርባ መቆሙን፣ የአሮጊቷን ኑዛዜ ማቃጠሉን፣ መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጫማውን በጣቱ ሲነካው የሐኪሙ ፊት አመድ መምሰሉን። ሸራው ላይ እነሱ ያወራሉ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ፖሊሶቹ የአትክልተኛውን አንድ እጅ ካቴና ውስጥ አስገቡ። እኔም ቃሌ አለቀ።

ከጎኔ ኳ አለ። ደግሞ ኳ።

ዞር ስል ባሌ አንገቱን ቀና አድርጓል። ግራ እጁ የዊልቸሩ ብረት ላይ ናት፤ የጋብቻ ቀለበቱ ነው የጮኸው። ሥራ አስኪያጁን ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

አምፖል ማንንም አልጠየቀም። እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደ።

አዳራሹ ወገግ አለ። ሸራው ነጣ፤ አንድ እጁ ብቻ የታሰረው አትክልተኛ ከነፖሊሶቹ ብርሃኑ ውስጥ ጠፋ።