መነጽሬን ረሳሁት
ጠዋት የትምወርቅ ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ኮምፒውተሩን ከፍታ ከባሏ ጋር ዳማ ለመጫወት ተቀመጠች። ልዑልሰገድ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዘመን ግን ሰው ቢቀበርም ድምፁና አጨዋወቱ አይቀበሩም።

እሱን አስመስሎ የሚጫወተው ነፃ የኮምፒውተር አገልግሎት ምሕረት አያውቅም። «ነገሥኩብሽ! አንቺ ገና ጠጠር ትቆጥሪያለሽ!» አላት። ሦስቴ ተሸንፋ ደከማት።

ልዑልሰገድ በሕይወት ሳለ፣ የከፋት ቀን መነጽሩን ቀስ ብሎ ያወልቅና ጠጠሩን ያጋልጥላት ነበር። ስትበላበት፣ «መነጽሬን ረሳሁት እኮ!» ይላል።

ልጇ ትርሲት አዘነችላት። «እማዬ፣ የሚከፈልበት ይሻልሻል። ልማዱን ሁሉ ይዟል» ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ በተሰካው የጌም ማጫወቻ ከፈተችላት።

«መነጽሬን ረሳሁት እኮ!» አለ ልዑልሰገድ፣ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ። የትምወርቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሁለተኛውንም ተሸነፈ። በሦስተኛው ሆን ብላ ጠጠሮቿን ሁሉ አጋለጠችለት፤ አንዱንም ሳይበላ አለፈ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«የከፈለ ሰው አይሸነፍማ፣ እማዬ። ጥቅሙ እሱ አይደል?»

የትምወርቅ ማጫወቻውን አጥፍታ የቀዘቀዘ ሻይዋን ጠጣች። መነጽሩ መሳቢያው ውስጥ አለ። ማሸነፍ እየቻለ የሚሸነፍላት ሰው ግን የለም።