ውኃ የማይጠጣ

ክንፈና ዘገየ የሞገድ መንሸራተቻውን ሰሌዳ ሆድ ከምን እንደሚሠሩት ሲመካከሩ ቶሚ ከሞተ ሳምንት አልሞላውም ነበር።

ክንፈ ያውቃል። ለዘገየ ግን እንዳይነገረው ሽማግሌዎች ወስነዋል።

ቶሚ የዘገየና የሚስቱ የውባለም አንድ ልጅ ነው። ፖርቱጋል ሄዶ በባሕር ሞገድ ላይ ሲንሸራተት፣ የተከራየው ሰሌዳ ለሁለት ተሰብሮ ውኃው ወሰደው። አብሮት የነበረው ጓደኛው ቢኒ የደወለው ለቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ለእንዳሻው ነበር። ውባለም ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ነው። ሐኪሙ እስከሚቀጥለው ቴርሚኗ፣ እስከ ምርመራ ቀጠሮዋ ድረስ፣ ድንጋጤ ሊገድላት እንደሚችል አስጠንቅቋል።

«ባልና ሚስት አንድ ትራስ ላይ ነው የሚያድሩት» አለው እንዳሻው ለክንፈ፣ ሮደልሃይም ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ ወንበር እየደረደረ። «እሱ ከሰማ ፊቱ ይነግራታል። ከዚያ ሁለት ለቅሶ ልንቀመጥ ነው። ቴርሚኗ ይለፍና በማግስቱ ማለዳ ሄደን እናረዳቸዋለን። አንተ እስከዚያ ሰውየውን ከኬለሩ እንዳታስወጣው።»

ኬለሩ ዞሰንሃይም ሰፈር፣ ዘገየ ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ዘገየ አናጢ ነው። ለልጁ የልደት ቀን የሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳ በገዛ እጁ ሊሠራ ቃል ገብቶ፣ ዕቃውን ወደ ጥግ ገፍቶ ቦታ አሰናድቷል፤ የሚያግዘው ክንፈ ነው።

«አንተ ባሕሩን ታውቀዋለህ» አለው። «ሆዱ ምን ይሁን?»

ክንፈ ባሕሩን ያውቀዋል። ከሊቢያ ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ በቢጫ ጀሪካን ላይ ተንጠልጥሎ አድሯል። አጠገቡ የነበረው ልጅ የያዘው የስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ስፖንጁ ውኃ ጠጣ። ስለዚያ ልጅ ለማንም አውርቶ አያውቅም።

«ውኃ የማይጠጣ ይሁን» አለ።

«ስቲሮፖርስ? ያ ነጩ የዕቃ ማሸጊያ አረፋ?»

«እሱ ቀላል ነው፣ ጋሼ። ግን ልባሱ ከተሰነጠቀ ውኃው በፍሬዎቹ መሐል ይገባል። የፋይበርግላሱን ጨርቅ ደርበው ያልብሱት።»

ስቲሮፖሩን ቆርጠው ቅርጽ አስያዙት። ክንፈ ፋይበርግላሱን የሚያጠነክረውን ሙጫ ገዝቶ መጣ። ስቲሮፖር የሚፈልገው ኤፖክሲ ነው፤ ፖሊስተር ይበላዋል። ክንፈ ያመጣው ፖሊስተር ነበር። አውቆ ነው፤ ሥራው ቶሎ እንዳያልቅ።

ዘገየ ቆርቆሮውን አገላብጦ ጽሑፉን አየ። ከዚያ አፈሰሰው። ነጩ ሆድ እየፈላ ወደ ታች ሰመጠ። መሐሉ ላይ ሰው የተኛበት የሚመስል ጉድጓድ ቀረ።

«ተሳስቼ ነው፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን ይደረጋል» አለ ዘገየ። ቁጣ የለውም። «በእንጨት እንጀምራለና። እርግጥ እንጨት ጊዜ ይወስዳል።»

ክንፈ አፈረ። ተንኮለኛን ማታለል ይቀላል፤ የዋህ ሰው ግን ሲታለል እንኳ ያጽናናሃል።

እንጨቱ ፓውሎኒያ ነው፤ ሲያነሡት ክብደት የለውም። ዘገየ ሰሌዳውን እንደ ዓሣ አጽም አዋቀረው፤ በመሐል አከርካሪ፣ በግራና በቀኝ የጎድን አጥንት። ውስጡን ባዶ ተወው። መፋቂያ ማሽኑ በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኽ ይውላል። ጎረቤቲቱ ስለ ሕንፃው የቀትር ጸጥታ ደንብ ልትከራከር እየደጋገመች ወረደች።

«በሩን ልዝጋው፣ ጋሼ?»

«ክፍቱን ተወው። አቧራው ይውጣ።»

ከላይ የውባለም ድምፅ መጣ።

«ዘገየ! ስምህን ሥራ ላይ አዋልከው እንዴ? ኖኅ እንኳ መርከቡን ጨርሷል! ቶሚ ደወለ?»

«ስልኩ ውኃ ገብቶበታል አልኩሽ እኮ! አንቺ ገብተሽ ተኚ!»

ክንፈ አንገቱን ደፋ። ይህን ወሬ ለዘገየ ያቀበለው ቢኒ ነው ብሎ አሰበ፤ በልቡም አመሰገነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘገየ ማሽኑን አጠፋ።

«ክንፈ። ሰው ሲሰምጥ ይጮኻል?»

ክንፈን ያ ልጅ ታየው። ፍራሹ ከሥሩ ሲንሸራተት እናቱን በስሟ ነበር የጠራው። ሰውየው ስላለፈው ዘመኑ አዝኖለት የጠየቀው መሰለው።

«አይጮኽም፣ ጋሼ። ጸጥ ይላል። እንደ እንቅልፍ ነው።»

«ጸጥ ካለ ደግ» አለ ዘገየ። ማሽኑን መልሶ አስነሣው።

አስከሬኑን ከፖርቱጋል የማስመጣቱ ጉዳይ ሽማግሌዎቹ ከፈሩት ይልቅ ቶሎ አለቀ። ማን እንደጨረሰው የጠየቀ የለም። እግዚአብሔር በር ከፈተ ብለው አመሰገኑ።

ውባለም ከቴርሚኗ በደኅና ተመለሰች። ሐኪሙ ልቧ እንደበረታ ነገራት።

በማግስቱ፣ ሰማዩ ገና መንጣት ሲጀምር፣ እንዳሻውና ሽማግሌዎቹ ሚስቶቻቸውን አስከትለው ጥቁር ለብሰው መጡ። ክንፈ ከሁሉ ኋላ ነበር። ደረጃውን ቀስ እያለ ወጣ። ጀሪካን አቅፎ ካደረባት ሌሊት ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ያ የዋህ ሰው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ልጅ ያለው መስሎት ተኝቷል።

እንዳሻው ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። በሩ ሳይነካ ተከፈተ። ዘገየ ጥቁር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆሟል።

«ቀስ ብላችሁ ንገሯት» አለ በሹክሹክታ። «ለእኔ ፖሊስ የነገረኝ ያኔውኑ፣ በሞተ ዕለት ነው።»