የየሺመቤት ኤሌክትሮድ

የሺመቤት ያቋቋመችው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የብየዳ ዘንግ፣ አምራች ኩባንያ የመጀመሪያ ምርቱን የሞከረው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ድንጋይ መፍጫ ነበር። ድንጋይ የበላቸውን የማሽኑን መዶሻዎች ቶሎ እንዳያልቁ በራሷ ኤሌክትሮድ በይዳ አጠነከረቻቸው።

ሠራተኞቹ ሁሉ ከግንቡ ጀርባ ተከለሉ። እሷ ብቻ ከማሽኑ አጠገብ ቀረች።

«እትዬ፣ ወደዚህ ይምጡ እንጂ!» ሲል ጮኸ ለቦታው አዲስ የሆነው ወጣት ሥራ አስኪያጅ። «ብየዳው ከለቀቀ ብረቱ እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው!»

«አስነሱት!» አለች።

ማሽኑ አጓራ። ድንጋዩ እየተንኳኳ ወረደ። ውስጡ አንድ ነገር ቋ! ሲል ሁሉም አጎነበሱ፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነች እንጂ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የገባው ድንጋይ በሙሉ ጠጠር ሆኖ ወጣ። ማሽኑ ሲቆም ሥራ አስኪያጁ ሮጦ ክዳኑን ከፈተ። መዶሻዎቹ ምንም አልሆኑም።

«ከእንግዲህ ከእርስዎ ነው የምንገዛው» አላት ላቡን እየጠረገ። «ለመሆኑ በምርትዎ ይህን ያህል ይተማመናሉ?»

«ኧረ እኔስ ፈርቼ ነበር» አለች። «ባሌን መዶሻ ተሰብሮ የገደለው እዚህ ቆሞ ሳለ ነው። ሌላ ሰው ከመቆሙ በፊት እኔ ልቁምበት ብዬ ነው።»